ጸሐፊው የሚቀመጥበት ወንበር

ማስተማር ከተውኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጬ ውልና የልደት ምስክር ወረቀት እተረጉማለሁ። ጸጥ ያለ ሥራ ነው። ሰው ፊት መቆም አይጠይቅም፤ እንደ እኔ ላለች ዓይን አፋር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የድሮ ባልደረቦቼ ታክሲ ውስጥ ሲያገኙኝ ግን ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚጠይቁኝ። «ለምን ተውሽው? ደሞዙ ነው?» ደሞዙ አልነበረም። መልሱ መገናኛ እስክንደርስ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ «እንዲሁ ነው» እያልኩ እወርዳለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አዲስ ተመራቂዎች የምንመደበው በዕጣ ነበርና እጄን ከትቼ ያወጣኋት ብጣሽ ወረቀት ወደዚያ ወሰደችኝ። ዳይሬክተራችን ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚውሉ፣ ተማሪንም መምህርንም በፊሽካ የሚጠሩ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድምፄ ከፊተኛው ዴስክ አያልፍም ነበር። ስለዚህ ጀርባዬን ለተማሪዎቹ ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ ብዙ መጻፍ ለመድኩ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው። እነሱም የጻፍኩትን ሁሉ ሳያስቀሩ ይገለብጡ ነበር። አንድ ቀን የተሳሳተ ነገር ጽፌ ክፍሉ በሙሉ እንዳለ ገለበጠው። ስህተት መሆኑን ያወቀ አንድ ልጅ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ተጽፏል እኮ ቲቸር» አለኝ። ያኔ ሳቅሁ።

እናቴ ስትታመም ዝውውር ጠይቄ አዲስ አበባ ተመለስኩ። የተመደብኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገርጂ አልፎ ወደ ሳሊተ ምሕረት በሚወስደው አቅጣጫ ነበር። ሰማንያዎቹ እያለቁ ነበር፤ አካባቢው ገና አልተሠራም። ከግቢው ጀርባ የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ደግሞ ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖች ነበሩ። በጣም ዝቅ ብለው ስለሚያልፉ መምህሩም ተማሪውም ንግግሩን አቋርጦ ይጠብቃል። ድምፁ ሲያልፍ ሁሉም ካቆመበት ይቀጥላል። እንግዳ ሰው ቢያየን አንድ የማይታይ እጅ አፋችንን ይዞ የለቀቀን ይመስለው ነበር።

የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊው አቶ ዘሪሁን ይባሉ ነበር፤ እኛ ጋሽ ዘሪሁን እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ረጅም፣ በበጋም በክረምትም ያንኑ ቡናማ ካፖርት የሚለብሱ ሰው ናቸው። ጠመኔያቸውን በወረቀት ጠቅልለው ይይዛሉ፤ ጣታቸው ነጭ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ማስተማር ምን እንደሆነ የተማርኩት ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከእሳቸው ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

የአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ ውስጥ ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍ የሚነበብበት ምዕራፍ አለ። ተማሪው ጸሐፊው የነገረውን እውነታ ከጸሐፊው የግል አስተያየት መለየት፣ ያዳላበትንም ቦታ ማግኘት አለበት። ብዙዎቻችን ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጽፈን እናልፈዋለን። ጋሽ ዘሪሁን ግን ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ያነቡታል። መጀመሪያ እንዳለ ያነባሉ። ቀጥሎ ጸሐፊው የራሱን ስሜት የጨመረባቸውን ቃላት እየዘለሉ ያነባሉ፤ በተዘለለው ቃል ቦታ ላይም ዝም ይላሉ። አንዳንዱ አንቀጽ ሲነበብ ከቃሉ ዝምታው ይበዛል።

«ዝም ያልኩበት ቦታ ሁሉ ሰውየው አለ» ይሏቸዋል ተማሪዎቹን። «አሁን እንጠይቀው።»

ከዚያ ወንበሩን ያመጣሉ። ያረጀ የእንጨት ወንበር ነው፤ አንድ እግሩ ትንሽ ያጥራል። ከሰሌዳው ፊት አድርገው ወደ ተማሪዎቹ ያዞሩታል። ጸሐፊው እዚያ እንደተቀመጠ ይቆጠራል። እሳቸው ወደ ኋላ ሄደው ከግድግዳው ጋር ይቆማሉ፤ ተማሪው ወንበሩን ሲጠይቅ ስለ ጸሐፊው ሆነው የሚመልሱት ከዚያ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ሰናይት፣ እነዚህ ልጆች አባታቸውን ‹ተሳስተሃል› ብለው አያውቁም። በመጽሐፍ የታተመውን እንዴት ብለው ይሉታል? መጠየቅ ግን ነውር አይደለም። ሰው አስቀምጬላቸው በአክብሮት ይጠይቁት።»

የጂኦግራፊው መምህር ደምሴ በዚህ ነገር መቀለድ አይሰለቸውም። መምህራን ክፍል ውስጥ «ዘሬ ዛሬም ከመንፈሱ ጋር ሊያስተምር ነው» ይላል። «ኧረ በፔሮል አስገባልን ሰውየውን! በነጻ ስንት ዓመት ያገልግል?»

«አንተ ካርታህን ገልብጠህ ሳትሰቅል አስተምር» ይሉታል ጋሽ ዘሪሁን፤ ሁላችንም እንስቃለን።

መጀመሪያ ያየሁት ትምህርት ስለ አዲስ አበባ ገበያ የተጻፈ የአንድ መንገደኛ ጽሑፍ ነበር። ገበያው እንደሚጮህ፣ እንደሚሸት፣ ሰዉ ሁሉ ሌባ እንደሚመስል ይናገራል። አንድ ልጅ ተነሥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ጌታዬ፣ ገበያው ውስጥ ስንት ሰዓት ቆዩ?» ብሎ ወንበሩን ጠየቀው።

«አልወረድኩም። ከመኪና ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁት» አለ ከኋላ የመጣው ድምፅ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ድምፁ ግን የጋሽ ዘሪሁን ድምፅ ቢሆንም የእሳቸው አልመሰለኝም፤ የደከመው፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ድምፅ ነበር። ዞር ብዬ ላያቸው ፈለግሁ፤ አንገቴ አልታዘዘልኝም። ወዲያው አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ሁላችን ዝም ስንል የወንበሩ አጭር እግር ሲሚንቶው ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ንዝረቱ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚህ ግን የሳቀ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት ጋሽ ዘሪሁን ዩኒት ሊደር፣ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ፣ ሆኑና የአሥራ አንደኛ ክፍሎቻቸውን ለእኔ ሰጡኝ። የሚያስተምሩበትን የአሮጌ መጽሔት ካርቶንና ወንበሩንም አስረከቡኝ። እኔ ግን ስለ ጸሐፊው ሆኜ መመለስ አልቻልኩም። የሌላ ሰው ድምፅ ማውጣት ይቅርና የራሴንም በግድ ነው የማወጣው። ስለዚህ ወንበሩን ዝም አሰኘሁት። ተማሪው ይጠይቃል፣ ሁላችንም ትንሽ እንጠብቃለን፣ ከዚያ መልሱን ከጽሑፉ ውስጥ እንፈልጋለን። ለትምህርቱ መጥፎ አልነበረም። ለክፍሉ አየር ግን መጥፎ ነበር። መልስ የሚሰጥ ወንበር ጨዋታ ነው፤ ዝም የሚል ወንበር ግን ያዳምጣል።

ቀስ በቀስ ነገሩ ይሰማኝ ጀመር። አንድ ዴስክ ላይ ተጣብበው የሚቀመጡ ልጆች ወንበሩ ባዶ ሆኖ እያለ አይነኩትም። አንዳንዶቹ በፊቱ ሲያልፉ ጎንበስ ይላሉ፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ በኋላ ግን ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። ማታ ስወጣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሬ የምሄደውን ወንበር ጠዋት ስገባ ወደ ክፍሉ ዞሮ አገኘዋለሁ። «ማነው ያዞረው?» ብዬ ጠየቅሁ። «እኛ አይደለንም ቲቸር።» ዘበኛውን ጠየቅሁ፤ እሱም አያውቅም። ማን እንደሚያዞረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ መጠየቁንም ተውኩት።

አንድ ቀን ካርቶኑን ስፈትሽ ከሥር አንድ የእንግሊዝኛ መጽሔት አገኘሁ፤ በደርግ ጊዜ የታተመ ነው። ውስጡ መገናኛ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ነበር። ጭነት መኪና ላይ የተሳፈሩ ወጣቶች አካፋ ይዘው ይስቃሉ። አንድ ክረምት የምሥራቅ አዲስ አበባ ወጣቶች ወደ ቆላ ሄደው የመስኖ ቦይ እንዲቆፍሩ የተላኩበትን ታሪክ የሚያወራ ጽሑፍ ነበር። የጸሐፊው ስም የሚኖርበት ቦታ ተቀዷል። ደስ አለኝ፤ ልጆቹ የራሳቸውን ሰፈር በእንግሊዝኛ ሲያነቡ ዓይናቸው ይበራል ብዬ አሰብኩ። ጽሑፉን በስቴንስል አባዛሁት። ፎቶው ስለማይባዛ መጽሔቱን ራሱን ከእጅ ወደ እጅ እንዲያሳልፉት ሰጠኋቸው።

ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፈልኩት፤ በአንዱ እውነታ፣ በሌላው አስተያየት። መለያ አድርጌ ያስተማርኳቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ልናጣራው እንችላለን? ከቻልን እውነታ፣ ካልቻልን አስተያየት። «በደስታ ተሞልተው» የሚለውን አስተያየት ሥር ጻፍን። «ሙሽራ እንደሚሸኝ ተሸኙ» የሚለውንም እዚያው ጻፍን። የጽሑፉ መጨረሻ ላይ «ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ወደየቤታቸው ተመለሱ» ይላል። ይሄ የሚጣራ ነገር ነው። በዚያች ቆንጆ ጽሕፈቴ እውነታ ሥር ጻፍኩት።

በመስኮቱ በኩል ሮማን የምትባል ልጅ ትቀመጥ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ስለዚህ ራሴን አይባት ነበር። መጽሔቱ እሷ ጋ ሲደርስ አላሳለፈችውም። ፎቶው ላይ ጣቷን አድርጋ ቆየች። ከዚያ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እውነታ ናት?»

«አዎ። ተመልሰዋል ወይስ አልተመለሱም ብለን ማጣራት እንችላለን አይደል?»

«እሺ» አለች። አልተቀመጠችም። ወደ ወንበሩ ዞረች። «ጌታዬ፣ ሁሉም?»

እንደተለመደው ጠበቅን።  እኔ ግን ሮማን በመናገሯ ብቻ ደስ ብሎኝ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!» አልኩና ደወሉ ተደወለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቷ ትምህርት ቤት መጡ። ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ፤ ሾላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። መምህራን ክፍል በር ላይ ከመታየታቸው በፊት የኮረሪማ ሽታቸው ገባ። በሁለት እጃቸው እጄን ይዘው ሳሙኝ።

«አንቺ ነሽ? ለሮማን ‹መመለሳቸው እውነት ነው› ያልሻት አንቺ ነሽ? እግዜር ይስጥሽ ልጄ! ሰፈሩ በሙሉ እብድ አድርጎኝ ነበር እኮ።»

 «ቤቴን ካላየሽ» አሉኝና ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ቤቱ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በታች ነው። ግድግዳው ላይ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ያው የመጽሔት ገጽ ተለጥፏል፤ ያው ፎቶ፣ ያው ጽሑፍ። ረጅሙ፣ አካፋውን ከራሱ በላይ ያነሣው ልጅ የመጀመሪያ ልጃቸው ግርማ ነው። እሱ ሲሄድ ሮማን ገና ክርስትና የተነሣች ሕፃን ነበረች። የቀበሌ ሰዎች መጀመሪያ «ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል» አሏቸው፤ በኋላ ምንም አላሏቸውም። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጎረቤት ግን ገጹን አንብቦ ነገራቸው፤ ሁሉም ተመልሰዋል ይላል። እሳቸውም ያንን ያዙ።

«ከተማው ውስጥ ነው ያለው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃ ያህል። «ቤት ሊገባ አፍሮ ነው። ባዶ እጁን ሄዶ ባዶ እጁን መምጣት አልወደደም። መገናኛ ስሄድ አየዋለሁ፤ ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል ነው። እኔ ሳየው ፊቱን ያዞራል።»

አልጋው ተነጥፏል። የታጠበ ሸሚዝ ከራስጌው ተሰቅሏል፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ልክ ነው። ኖሮ ቢሆን ሠላሳ ያለፈው ሰው ነው። 

ሮማን እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችኝ። «ቲቸር፣ እማዬ ለቅሶ ቤት አትሄድም» አለች ወደ መሬት እያየች። «ሄዳ ካለቀሰች እነሱም መጥተው እንዳያለቅሱላት ነው። እስካሁንስ ደህና ነበረች። አሁን ግን ‹ትምህርት ቤቱም መሰከረ› አለችና ሥራዋን ተወች። ከጠዋት እስከ ማታ መገናኛ ቆማ ታክሲ ውስጥ ታያለች። ትናንት መኪና ሊገጫት ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ያስተካክሉልኝ።»

ሰኞ ጠዋት መጽሔቱን ይዤ ጋሽ ዘሪሁን ቢሮ ገባሁ። ገጹን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከካርቶኑ ውስጥ ነው? አውጥቼ የጣልኩት መስሎኝ ነበር።»

«ጋሼ፣ ማን እንደጻፈው ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ» አሉ።

ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ከማስተማር ጎን ለጎን ለመጽሔቱ ይጽፉ ነበር። ወጣቶቹን ከመገናኛ ሸኝተው ተመለሱ። ዝናቡ ሳያባራ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ደረሰ። «ይመለሳሉ ተብሎ ነበር። ስለዚህ ተመለሱ ብዬ ጻፍኩ» አሉኝ። «ስንቱን ጽሑፍ እንዲያ ጽፈነዋል። መኪኖቹ ሲመጡ መጽሔቱ ታትሞ ነበር። መገናኛ ቆሜ ሲወርዱ አየሁ። ሁሉም ወርደው መኪናው ባዶ ከሆነ በኋላ እናቶቹ አሁንም ቆመው ነበር። አንዷ ሕፃን አዝላለች። ወደ ባዶው መኪና ቀና ብላ ታያለች።»

ወጣቶቹን እዚያ የቆላ ወባ ይዟቸው ነበር። ግርማን የቀበሩት ጓደኞቹ ለጋሽ ዘሪሁን ነግረዋቸዋል። እሳቸው መጽሔቱን ማረሚያ እንዲያወጣ ሲጠይቁ «የታተመ ነገር አይታረምም» ተባሉ። ለቤተሰቦቹ የሟቾቹ ጓደኞች ይነግሯቸዋል ብለው አሰቡ። ለሌሎቹ ተነግሯል። የግርማ ጓደኞች ግን ወይዘሮ አስካለን ሲያዩዋቸው መንገድ ይቀይሩ ነበር።

በማግስቱ የእኔ ክፍለ ጊዜ ላይ ጋሽ ዘሪሁን ገቡ። ተማሪው ሁሉ ተነሣ። በእኔ አጠገብ አልፈው ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ከኋላ አንድ ልጅ «ውይ!» አለ። ፊተኞቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ከመጀመሪያው ረድፍ አንዱ ሳያስበው «ጋሼ፣ እሱ ላይ አይቀመጡ፣ የሱ ነው!» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠይቁኝ።»

 ባዶውን ወንበር ስንት ቀን ያለ ፍርሃት ሲጠይቁ የነበሩ ልጆች ሰው ሲቀመጥበት አፋቸው ተያዘ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ «ሲመለሱ አይተዋል?» አለች።

«ስጽፍ ገና አልተመለሱም ነበር።»

«ታዲያ ያቺ ዓረፍተ ነገር እውነታ ናት ወይስ አስተያየት?»

«ከሁለቱም አይደለችም። እውነታ የሚመስል ልብስ የለበሰች ምኞት ናት። ‹በደስታ› ብዬ ብጽፍ ትይዙኝ ነበር። ‹ሁሉም› ስል ግን አለፋችሁኝ። መምህራችሁም አለፈችኝ። በዚህች ቃል ነው ያዳላሁት።»

ሮማን ተነሣች። እጇን አላወጣችም። «ጋሽ ዘሪሁን፣ ግርማስ?»

አንገታቸውን ደፉ። ካፖርታቸው ውስጥ ያነሱ መሰለኝ። «ይህንን እዚህ አልመልስልሽም» አሏት። «ቤታችሁ መጥቼ እመልሳለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ ያንን ያልተረዳ ልጅ አልነበረም። መርዶ በትምህርት ቤትም፣ በገበያም፣ በመንገድም አይነገርም። ሽማግሌ «ቤታችሁ እመጣለሁ» ካለ ነገሩ አልቋል። ሮማን ተቀመጠች። አውሮፕላን መጣ፤ አለፈ። ካለፈ በኋላም ካቆመበት የቀጠለ የለም።

እኔ ሰሌዳው ጋ ነበርኩ። ያ ክፍለ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ «እውነታ» ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። ጠመኔው ሰሌዳውን ሲነካ እጄ ይቆማል። ዓመቱን እንደምንም ጨረስኩና ለቀቅሁ። ታክሲ ውስጥ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ያልነገርኩት ይህንን ነው። ግን የዚያን እሑድ ማለዳ ሳልናገር ብተወው ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

ሮማን እናቷ ፊት እስከ እሑድ ምንም እንዳልሰማች ሆና ሰነበተች። እንዴት እንደቻለች አላውቅም። ጋሽ ዘሪሁን ያማከሯቸው የእድሩ ዳኛ ለጎረቤቱ ሁሉ በየቤቱ ነገሩ። ሊነጋጋ ሲል ስደርስ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጉም ነበር። ከሩቅ መንገዱ ባዶ መሰለኝ። ስጠጋ ግን በየአጥሩ ሥር ነጠላና ጋቢ ለብሰው የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ማንም አያስልም። የድንኳኑ እንጨት ከጎረቤት አጥር ጀርባ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንዲት ሴት ብቻ አታውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ የማኅሌት ድምፅ ይመጣል፤ ይጠፋል።

በዳኛውና በሽማግሌዎቹ መካከል ጋሽ ዘሪሁን ቆመዋል። በሩ ጋ ስንደርስ ከውስጥ የወይዘሮ አስካለ ድምፅ ተሰማ። ከሰው ጋር ያወራሉ። «ተነሥ እንጂ፣ ነግቷል» ይላሉ። «ፊትህን ታጠብ።» ሮማን ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። አጠገቤ ያለች ሴትዮ አማተበች።

ዳኛው አንኳኩ። ወይዘሮ አስካለ ወጡ። መንገዱን አዩ፤ አጥሩን አዩ፤ ሰዉን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ። «ማንን ነው የምትፈልጉት?»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ አስካለ፣ እንግዲህ ሰው ነንና...»

«አንተ ዝም በል» አሏቸውና ወደ ጋሽ ዘሪሁን ዞሩ። «እኚህን አላውቃቸውም። እርስዎ ማነዎት?»

«ግድግዳዎ ላይ ያለውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት?» ቀረብ ብለው አዩዋቸው። «እንግዲያው በአፍዎ ይናገሩት።»

«ግርማ አልተመለሰም» አሉ ጋሽ ዘሪሁን። «ወባ ይዞት ሞቷል። የተቀበረው ከወንዙ ወዲህ፣ ከሰፈሩበት ካምፕ አጠገብ፣ ግራር ሥር ነው። ሁለት ጓደኞቹ ቀብረውታል። የት እንደሆነ ያውቃሉ።»

«ተሰቃየ?»

ዳኛው በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። «አልተሰቃየም በላቸው» አሉ በሹክሹክታ፤ ሁላችንም ሰማን።

«አላውቅም» አሉ ጋሽ ዘሪሁን። «እኔ አልነበርኩም።»

ወይዘሮ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ልጃቸው የሚታመን ቃል ገና ያን ጊዜ የሰሙ ይመስል። «መኪኖቹ የመጡ ቀንስ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«አየኸኝ?»

«አየሁዎት። ሕፃኗን አዝለው ነበር።»

 ማኅሌቱ ቆመ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ሮማንን ወደ ጎናቸው ሳቡ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ለሰፈሩ ሁሉ። «አልቅሱልኝ።»

በየአጥሩ ሥር ተይዞ የነበረው ድምፅ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ ዘሪሁን ብቻ እጃቸውን አንጠልጥለው፣ ወደዚህም ወደዚያም ሳይሉ፣ መሐል መንገድ ላይ ቀሩ። ወይዘሮ አስካለ በእንባቸው መሐል አዩዋቸውና ሄደው የካፖርታቸውን እጅጌ ያዙ።

«አንተም» አሏቸው።